የደን ባለሙያ ከሕዝቡ አጠገብ ይማር

ኦምዱርማን፣ ነጭ ዓባይ ከእኛው ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ በምዕራቡ ዳርቻ የተቆረቆረች ታላቅ የገበያ ከተማ መሆንዋን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ስለ እርስዋ ሲናገር የሚያነሣው የገበያዋን ስፋትና የማህዲን ዘመን ታሪክ ነው እንጂ፣ ከተማይቱ ለኑሮዋ የዛፍ ባለዕዳ መሆንዋን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። በአቡ ሮፍ ዳርቻ ይሠሩ የነበሩት የወንዝ ጀልባዎች ከሰንጥ እንጨት የተበጁ ነበሩ። ሰንጥ የግራር ወገን የሆነ፣ በወንዝ ዳር ጎርፍ በሚተኛበት መሬት የሚበቅል፣ እጅግ ጠንካራ ዛፍ ነው። የዛፉ ፍሬ ለቆዳ ፋቂዎች ማልፊያ ሆኖ ያገለግላል፤ እንጨቱም ቀድሞ ለወንዙ መርከቦች ማገዶ፣ ለምድር ባቡሩም ከሐዲዱ ሥር የሚጋደም መደብ ሆኖ ኖሮአል። ከኮርዶፋን በግመል እየተጫነ ይመጣ የነበረው የሐሻብ ሙጫም፣ የባቡሩ ሐዲድ በ1912 ዓ.ም. ኤል ኦቤይድ እስኪደርስ ድረስ፣ ዋናው ገበያው ኦምዱርማን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በረከት የሰጠውን ዛፍ መቼ እንደሚዘራ፣ እንዴት እንደሚገረዝ፣ በስንት ዓመቱ እንደሚቈረጥና በምን እንደሚተካ የሚያውቀው ማነው? ከተማረው ወገን ብንጠይቅ በሚኒስቴርና በዩኒቨርሲቲ ያሉ ጥቂት ሊቃውንት ናቸው። ካልተማረው ወገን ብንጠይቅ ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን የሚያውቅ ባላገር ነው። በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚገባው፣ የሊቁን ጽሑፍ ለባላገሩ፣ የባላገሩን ልማድ ለሊቁ የሚያስረዳ፣ በመንደሩ ተቀምጦ ዛፉን በየቀኑ የሚያይ ባለሙያ ግን በሱዳንም በኢትዮጵያም ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ነው፦ የደን ትምህርት ከፍ ባለው የዩኒቨርሲቲ መሰላል ላይ ብቻ ተሰቅሎ መቅረት አይገባውም፤ ሕዝቡ ራሱ በሚያቆመውና በሚቈጣጠረው፣ ከቤት ወጥቶ በእግር በሚደረስበት የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ በሁለት ዓመት ለመንደር ልጅ ሊሰጥ ይገባል።

አንዳንድ አንባቢ «የኦምዱርማን ዛፍና ትምህርት ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። መልሱን ከአባቶቻችን ተረት እናገኘዋለን። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግንዱን ይዞ የሚሄደው ወደማን እንደሆነ ለማየት በክረምት በኦምዱርማን ዳርቻ መቆም ነው። ወንዙ ቀይ ሆኖ ይመጣል፤ ያም ቀለም የጎጃም፣ የወሎና የጎንደር ተራሮች አፈር ነው። ዛፍ በሌለበት ተረተር ላይ የወረደው ዝናብ ያገኘውን እየጠረገ ስለሚወርድ፣ የእኛ ገበሬ እርሻውን ያጣል፤ በታች ያለው አገር ደግሞ ግድቡ በደለል ይሞላበታል። በ1925 የተሠራው የሰናር ግድብ፣ በ1966 ሥራ የጀመረው የሮዛሪስ ግድብም ከዚህ ደለል ብዙ ተጎድተዋል፤ ሮዛሪስ በመጀመሪያ ሊይዘው ይችል ከነበረው ውሃ ሲሶ ያህሉ ሥፍራ በደለል የተያዘበት በመሆኑ፣ ኋላ ቁመቱን መጨመር አስፈልጎአል። በሌላ በኩል ደግሞ በሰናርና በሲንጃ አካባቢ ያለው የሰንጥ ደን የሚያድገው በዚያው ጎርፍና በዚያው ለም አፈር ነው። ስለዚህ በላይ ያለው ደንና በታች ያለው ደን በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው። የአንዱ ጠባቂ ሳይማር ቢቀር ጉዳቱ ለሌላውም ይተርፋል።

ትምህርቱ ፈጽሞ ያልነበረ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ሱዳን የደን ሕግ ያወጣችው በ1901 ነው፤ በ1932 የደን መርሐ መንግሥት ተደነገገ፤ በ1989 ደግሞ አዲስ የደን ሕግ ወጥቶ ብሔራዊ የደን ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ከካርቱም በስተደቡብ ባለችው ሶባ ለደን ጠባቂ ሹማምንት የተቋቋመው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የመስክ ሠራተኛ ሲያፈራ ኖሮ፣ ኋላ በሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲም የራሱን የደን ፋኩልቲ አቋቋመ። በአገራችንም እንዲሁ በ1978 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ዋና ሥራው በሁለት ዓመት ዲፕሎማ የመስክ ባለሙያ ማውጣት ነበር። ከሞቀው ፍል ውሃ አጠገብ፣ በደኑ መካከል የተሠራው ይህ ትምህርት ቤት ተማሪውን ጠዋት በክፍል፣ ከሰዓት በኋላ በችግኝ ጣቢያ የሚያውል በመሆኑ፣ ከዚያ የወጡት ብዙዎቹ በየአውራጃው ስማቸው በመልካም ተነሥቶአል። ከጊዜ በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ ከዚያም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የማስትሬትና የዶክቶሬት ትምህርት የሚሰጥ ሆነ።

ይህ ዕድገት የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ ልንለው ይገባል። ሶባም ወንዶ ገነትም ወደ ላይ ባደጉ መጠን የታችኛው የመሰላሉ እርከን ተተኪ ይሻ ነበር። ሊቁ በበዛ ጊዜ የመስኩ ሰው መብዛት ሲገባው፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ እንዲሆን መፍቀድ አይገባም። በኢትዮጵያ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈቱት የእርሻ ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች፣ በአማራ ክልልም እነ ወረታ፣ እነ ቡሬና እነ ኮምቦልቻ፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ደክመዋል። በየቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የከብት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ሠራተኛ እንዲመደብ የታሰበው አሳብ እጅግ መልካም ነው። ሆኖም የተፈጥሮ ሀብት ሠራተኛ የሚባለው ሰው እርከን ያሠራል፣ ጐርፍ ያስቀይሳል፣ ውሃ ያስቆፍራል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ዘገባ ይጽፋል፤ ደን ከሥራው ብዙ ቅርንጫፍ አንዱ ብቻ ነው። አንድ ሰው በሦስት ወር የሚታጨደውን እህልና በሠላሳ ዓመት የሚደርሰውን ዛፍ በአንድ ዐይን ሊጠብቅ አይችልም።

የደን ትምህርት በሁለት ዓመት ምን ያስተምራል? ብዙ ሰው ችግኝ ጕድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ይመስለዋልና ይህን ነገር በዝርዝር ብናስረዳ መልካም ነው።

መጀመሪያው የዘር ዕውቀት ነው። የግራር ወገን ዘር ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ በመሆኑ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ ካላደረ ወይም ጫፉ ካልተፋቀ አብዛኛው ሳይበቅል ይቀራል። የወይራና የጥድ ዘር ደግሞ ሌላ ብልሃት ይሻል። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ተለቀመ? ከጠማማ እናት ዛፍ የተለቀመ ዘር ጠማማ ልጅ ይወልዳልና፣ ተማሪው ዘር የሚለቀምበትን ዛፍ መምረጥ ይማራል። ሁለተኛው የችግኝ ጣቢያ ሥራ ነው፤ አፈሩ በምን መጠን ከአሸዋና ከፍግ ጋር እንደሚደባለቅ፣ ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት እንዳይዝ መቼ እንደሚቈረጥ፣ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ፀሐይና ጥም እንዲለምድ ጥላውና ውሃው ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስለት። ተንከባክበው በጥላ ያሳደጉትን ችግኝ በድንገት ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ የቤት ልጅን ያለ ስንቅ በረሃ መስደድ ነው።

ሦስተኛው ከተተከለ በኋላ ያለው አጠባበቅ ነው። ዛፍ ሲያድግ እርስ በርሱ ይሻማል፤ መሳሳት ያለበትን ሳያሳሱ የተዉት ደን ሁሉም ቀጥኖ አንዱም ለግንድ አይበቃም። የትኛው ይቈረጥ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን መምረጥ ከባድ ዕውቀት ነው፤ ተማሪው የዛፉን ውፍረት ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለክቶ፣ ቁመቱን አስልቶ፣ በአንድ ሄክታር ውስጥ ምን ያህል እንጨት እንዳለ፣ በየዓመቱም ምን ያህል እንደሚጨምር ያሰላል። ይህን ስሌት የማያውቅ ሰው ደኑን እየበላ ወለዱን የበላ ይመስለዋል፤ የሚበላው ግን ዋናውን ነው።

አራተኛው ያለ መቍረጥ ከዛፍ መጠቀም ነው። የሐሻብ ዛፍ ለዚህ ምስክር ነው። የኮርዶፋን ገበሬ ከዝናም በኋላ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የቅርንጫፉን ልጥ በቀጭኑ ይልጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሙጫው እንባ ይመስል ፈልቆ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ያህል እየለቀመ እስከ በጋው መጨረሻ ይቆያል። ልጡን በጥልቀት ቢወጋ እንጨቱ ይጎዳል፤ ጊዜውን ቢያሳልፍ ሙጫው ይጠፋል። ዛፉ ለመሬቱም ኃይልን ስለሚመልስ፣ ገበሬው ማሽላውንና ሰሊጡን ጥቂት ዓመታት ዘርቶ መሬቱ ሲደክም ለሐሻብ ይለቅለታል፤ ሐሻቡ ሲያረጅ ደግሞ ወደ እርሻው ይመለሳል። በእኛም አገር በመተማና በቋራ ቈላ ያለው የዕጣን ዛፍ ተመሳሳይ ነገር ነው። ሽማግሌው ዛፍ ከመጠን በላይ እየተፋቀ ሲደክም፣ ግልገሉም በከብትና በሰደድ እሳት እያለቀ ተተኪ እንደሌለው ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳስበዋል። የዕጣን ፋቂውን እጅ አይቶ «በዚህ ዓመት ይህ ዛፍ ይረፍ» የሚል፣ ቃሉም የሚሰማለት ሰው ከየት ይመጣል? ከዚያው ከቈላው መንደር ተወልዶ የተማረ ልጅ ካልሆነ በቀር ከሌላ አይመጣም።

አምስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ ከሰው ጋር መኖር ነው። ደን የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ በገበሬና በዘላን ጠብ፣ ባልተከለለ ወሰን፣ ባልታወቀ ሕግም ይጠፋል። የደን ባለሙያ ሕጉን ማወቅ፣ ሽማግሌ መሰብሰብ፣ የግጦሹን ወራት ከደኑ ወራት ጋር ማስማማት አለበት። ይህን ደግሞ የአገሩን ቋንቋና የአገሩን ወግ የማያውቅ እንግዳ ሊሠራው አይችልም። የኮሌጁ ሥፍራ ከሕዝቡ አጠገብ ይሁን የምንልበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው።

በዘመናችን ችግኝ የመትከል ዘመቻ በሰፊው ተስፋፍቶአል። በሐምሌ 2019 የኢትዮጵያ መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ማስታወቁ የሚታወስ ነው። ሕዝብን በአንድ ቀን ለአንድ በጎ ሥራ ማነሣሣት ቀላል ነገር አይደለምና የሚነቀፍ አይሆንም። ነገር ግን የተከላው ቀን አንድ ቀን ነው፤ የጥበቃው ቀን ግን ሺህ ነው። የሚተክለው እጅ ብዙ ሲሆን የሚጠብቀው ዐይን ጥቂት ከሆነ፣ ችግኙ በመጀመሪያው በጋ ለፍየል ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ከተተከለው ችግኝ ቍጥር ጎን ለጎን፣ እርሱን እንዲጠብቁ የተማሩት ሰዎች ቍጥርም በየዓመቱ ሊነገረን ይገባል።

የሕዝቡ ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ እናገኛለን። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ደካማ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በገዛ ፈቃዳቸው ተክለዋል። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ ዛፉ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ቈርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ መሬቱም አሲዳምነቱ ቀንሶ ለእህል ይመለሳል። በዚህ ብልሃት የብዙ ሰው ኑሮ ተለወጠ፤ የተራቈተው ኮረብታም ለመለመ። ዳሩ ግን አንድ ዐይነት ዛፍ ብቻ አገሩን ሁሉ በሸፈነው ጊዜ፣ በቅርብ ዓመታት በቅጠሉ ላይ የዋግ በሽታ ወርዶ ለገበሬው ታላቅ ኪሣራ ሆነበት። ገበሬው የሚቻለውን ሁሉ አድርጎአል፤ የጎደለው በሽታውን በመጀመሪያው ቅጠል ላይ አይቶ የሚለይ፣ ዛፉን ከሌላ ዛፍ ጋር እያፈራረቁ መትከልን አስቀድሞ የሚመክር የቅርብ ባለሙያ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ሦስቱን ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው የክብር ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሊያደርግ ይመኛል፤ «ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ዛፍ ጠባቂ ሊሆን ነውን?» ይላል። ይህ አስተያየት የመጣው ደን ጠባቂን ዱላ ይዞ በር ላይ ከሚቆም ዘበኛ ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ከላይ የዘረዘርነውን የሚያውቅ ሰው ግን ስሌተኛም፣ የዕፅዋት ሐኪምም፣ ዳኛም ነው። ደግሞም የሁለት ዓመት ኮሌጅ የመንገድ መጨረሻ መሆን የለበትም፤ በመስክ ጥቂት ዓመት ሠርቶ የበረታው ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ካርቱም ሄዶ ዲግሪውን እንዲቀጥል በሩ ክፍት ሊሆን ይገባል። ግንዱን ነክቶ ያደገ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚጠቅም አንጠራጠርም።

ሁለተኛው የሥራ ነገር ነው። «ተመርቆ ማን ይቀጥረዋል?» ይባላል። መንግሥት ብቻ ቀጣሪ ነው ብለን ካሰብን ጥያቄው ልክ ነው። ነገር ግን ዛፍ የንግድ ዕቃ ነው። የሱዳን ሙጫ ከዓለም ገበያ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘ በመሆኑና ለለስላሳ መጠጥ፣ ለከረሜላ፣ ለመድኃኒትና ለቀለም የማይታጣ ነገር ስለሆነ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ በጣለ ጊዜ እንኳ ሙጫውን ከማዕቀቡ ነጻ አድርጎታል። የጎጃም ባሕር ዛፍ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እየተጫነ ሲሸጥ ኖሮአል። የችግኝ ጣቢያ የሚያቋቁም፣ ለገበሬ ማኅበር የእንጨቱን ዋጋ ለክቶ የሚነግር፣ ሙጫውንና ዕጣኑን በየደረጃው ለይቶ ለገበያ የሚያቀርብ፣ የከተማ መንገድ ዛፍ የሚንከባከብ ሰው እንጀራ አያጣም። ዛሬ ገበሬው የቆመ ባሕር ዛፉን በዐይን ግምት ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ይለካል፣ ገበሬው አይለካም። በመንደሩ አንድ የሚለካለት ልጅ ቢኖር ኖሮ በዚያ አንድ ቀን ብቻ የኮሌጁን ወጪ ባስመለሰ ነበር።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ ለዚህ ኦምዱርማን ራስዋ መልስ አላት። ይህች ከተማ ሕዝብ በራሱ ገንዘብ ትምህርት ቤት በማቆም የታወቀች ናት። የቅኝ አገዛዙ መንግሥት የሚሰጠው የትምህርት ቦታ ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ ነዋሪዎችዋ በ1927 ገንዘብ አዋጥተው የአህሊያን መካከለኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አህሊያ ማለትም የሕዝብ፣ የወገን ማለት ነው። በ1931 ደግሞ ወላጅ ለሌላቸውና ለድሆች ልጆች የእጅ ሙያ ማስተማሪያ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ግርሽ እንዲሰጥ ተጠይቆ የግርሽ መጠለያ የተባለው ቤት ተሠራ። ባቢክር በድሪ በ1907 በሩፋዓ የጀመሩት የሴቶች ትምህርት በልጃቸው በዩሱፍ በድሪ እጅ አድጎ፣ በ1966 በኦምዱርማን በ23 ተማሪዎች የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅ ሆነ፤ በ1995 ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በ1986 ደግሞ እንደገና በሕዝብ ተነሣሽነት የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ነገር እንደዚህ ያለው ነው። በግርሽ መዋጮ አናጢና ብረት ሠሪ ያስተማረች ከተማ የደን ባለሙያ ማስተማር አይሳናትም። ለአናጢው እንጨቱን የሚያመጣለት የደን ባለሙያው አይደለምን?

በአሕፋድ የገጠር ልማት ትምህርት ሴቶች ተማሪዎች በየመንደሩ ወጥተው ከገጠር ሴቶች ጋር እንዲሠሩ የሚደረገው ነገር በተለይ ሊጠና ይገባዋል። በእኛም በእነርሱም አገር እንጨት ለቅማ፣ ተሸክማ፣ አንድዳ የምታድር ሴት ናት። የትኛው እንጨት ጢስ እንደሚያበዛ፣ የትኛው ፍሙ እንደሚቆይ፣ ደኑ በየዓመቱ ስንት ምዕራፍ እንደራቀ ከእርስዋ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የደን ኮሌጅ ሴቶችን ለይምሰል ጥቂት ብቻ ተቀብሎ መሄድ የለበትም፤ ከወንዶቹ እኩል ሊቀበላቸው ይገባል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው በመከራ ዘመን ነው። በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተጀመረው ጦርነት ካርቱምንና ኦምዱርማንን የጦር ሜዳ አደረጋቸው። በከተማይቱ የነበሩት የትምህርት ቤቶች ሥራ ተቋረጠ፤ ተማሪዎችና መምህራን በየአገሩ ተበተኑ፤ ብዙዎቹም ድንበር ተሻግረው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። በኦምዱርማን ለብዙ ዓመታት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ ቤታቸውን ትተው ወጡ። ጋዝና መብራት በጠፋ ጊዜ የከተማው ሰው ለምግቡ ማብሰያ የመንገዱንና የግቢውን ዛፍ መቍረጥ ግድ ሆነበት፤ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ አጠገብ ለብዙ ዘመን ተከልሎ የኖረው፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ይከርሙበት የነበረው የሰንጥ ደንም በመጥረቢያ ክፉኛ ተጎዳ። ለተራበ ልጁ እሳት የሚያነድን አባት ልንወቅሰው አንችልም። ነገር ግን ያ ደን በሕግ ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ልጆች ዕውቀት ጭምር ሊመለስ ካልታሰበበት፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ጥፋቱ አያልፍም።

ከተማ እንደገና ሲሠራ መጀመሪያ የሚፈለገው እንጨት ነው። የተቃጠለ ጣሪያ ወራጅ ይፈልጋል፤ የፈረሰ ቤት በርና መስኮት ይፈልጋል፤ የሚመለሰው ሕዝብ ማገዶ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ካለ ዕውቀት የሚቈረጥ ከሆነ፣ ከጦርነቱ የተረፈውን ደን ግንባታው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ዳግመኛ በሚከፈቱበት ጊዜ የደን ትምህርት በመጨረሻው ረድፍ የሚጻፍ ጉዳይ መሆን የለበትም።

ለነገሩ መጀመሪያ ይሆን ዘንድ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ አዲስ ሕንጻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባሉት የማኅበረሰብና የሙያ ኮሌጆች ውስጥ፣ በኦምዱርማንም በአማራ ክልልም፣ የደን ትምህርት ራሱን የቻለ የሁለት ዓመት ክፍል ሆኖ ይቋቋም፤ ከተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ጋር ተጨፍልቆ አይቅር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ደን ይኑረው። የቤተ ክርስቲያን ደን ባለበት አገር ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተስማምቶ፣ የሰንጥ ደን ባለበት ከደን መሥሪያ ቤቱ ጋር ተዋውሎ፣ ተማሪው ከገባበት ቀን እስከ ተመረቀበት ቀን የሚንከባከበው፣ ለክቶም የሚያስረክበው የታወቀ መሬት ይሰጠው። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ ክበው ደናቸውን ከከብት ያዳኑበት ሥራ፣ ለተማሪ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ ከኦምዱርማን የወጡትና በአገራችን የሚገኙት የሱዳን የደን ተማሪዎችና መምህራን ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ፣ በእኛ ኮሌጆች እንዲማሩና እንዲያስተምሩ በር ይከፈትላቸው። የሐሻብን ሙጫ አለቃቀም ከእነርሱ የበለጠ ለመተማ ልጅ የሚያስተምር የለም፤ የደጋውን የወይራና የጥድ አጠባበቅም ከእኛ ይማራሉ። ወንዙ ሳያስፈቅድ አፈራችንን ወደ እነርሱ ሲወስድ ኖሮአል፤ እኛ ደግሞ ዕውቀትን በፈቃዳችን ብንለዋወጥ የተሻለ ጉርብትና ይሆናል።

ዛፍ የሚተክል ሰው ጥላውን ለልጁ ያስባል። የደን ባለሙያ የሚያስተምር ሕዝብ ደግሞ ለልጁ ልጅ ያስባል። ወላጆች፣ የመንደር ሽማግሌዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችና የኮሌጅ አስተዳዳሪዎች ሁሉ፣ በየሰፈራችሁ ከሚገኙት ወጣቶች መካከል ዛፍ የሚወድ አንድ ልጅ ለዚህ ትምህርት ምረጡ፤ የሁለት ዓመት ስንቁንም ተካፍላችሁ ቻሉት። ዛሬ አንድ ልጅ ወደዚህ ትምህርት ቤት ብትልኩ፣ ነገ ዓባይ በክረምት ሲሞላ ግንዱንና አፈሩን ከተራራው ላይ የሚያስቀር ሰው በመካከላችሁ ይኖራል።